የግዝት ገብስ

በእኛ አገር የአጎቴ ነገር ሲነሳ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ማለት ይቃጣዋል። «ለድሃ የተሟገቱ፣ ለታቦት መሬት የተሰደዱ» እያለ ያወራላቸዋል። በማኅበር፣ በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ይህን ወሬ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ጽዋዬን እያየሁ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ወሬው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ተሟግተዋል፣ ተሰደዋልም። የሚያናድደኝ ወሬው ሁልጊዜ እናቴ ጋ ሳይደርስ ማለቁ ነው። አሁን አርጅቻለሁ፤ ብራና የምፍቅበት ጉልበትም አልቋል። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌሎች የጻፈውን እጄን አንዴ እንኳ ለእሷ ላውለው ብዬ ተነሳሁ።

ደብራችን ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ጉና ፊት ለፊቱ ስላለ ብርዱ አይጣል ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ለትምህርት ሲወጡ በሶ የቋጠረችላቸው፣ ቅስና ተቀብለው ሲመለሱ መስቀላቸውን ከሰው ሁሉ ቀድማ የተሳለመች እሷ ናት። በሰው ፊት «መምሬ» ትላቸዋለች፤ እቤት ስንሆን ግን «ያ ልጅ» ነው የምትለው። እሳቸውም ጢማቸው እስኪሸብት ድረስ «እትዬ» ይሏት ነበር። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ዳዊት ያስደገሙኝም፣ የመቃ ብዕር አቀራረጽ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ዲያቆን ሆኜ በቅዳሴያቸው አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

መልካም ሰው ነበሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። አንድ ጊዜ ወታደሮች የአንዲት መበለት በሬ እየነዱ ሲያልፉ፣ አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው መንገዱ ላይ ተጋደሙ። «ከበሬው በፊት እኔን እረዱ!» አሏቸው። ወታደሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቄስ ረግጦ ማለፍ ግን እንደ መሳቅ ቀላል አልሆነላቸውም። በሬውን ትተው ሄዱ። እናቴ ያን ዕለት እቤት ጠርታ «አንድ ቀን እንደ ከብት ያርዱሃል፣ አንተ ጅል!» ብላ ስትቆጣቸው እያቀረቀሩ ሰሟት፤ እያፈሩም ይስቁ ነበር። ሌላ ጊዜ የገበሬውን በደል ይዘው ደብረ ታቦር ወርደው፣ ከንጉሡ ግቢ በር ላይ ሦስት ቀን «አቤት!» ሲሉ ሰንብተው አስፈረዱ። እኔ የምወዳቸው የዚያን ጊዜውን አጎቴን ነው።

ከዚያ በኋላ ከአጎራባች ደብሮች ሁሉ ሰው አቤቱታውን ይዞ ይመጣባቸው ጀመር። ሰው ሲበዛ ድምፃቸው ተለወጠ። ድሮ ሲያስተምሩ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ዓይን ያዩ ነበር፤ በኋላ ከራሳችን በላይ፣ ሩቅ የሆነ ነገር ማየት ለመዱ። እናቴም አይታው ኖሮ «ያ ልጅ ሰው መሃል ሲቆም አያውቀኝም» አለችኝ።

የንጉሡ አዋጅ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፤ ለእነሱ መተዳደሪያ የሚሆነው መሬት ይተውና የቀረው ለገባር ይሰጥ ተባለ። የአገራችን ሹም ገመድ አስይዞ መጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀምሮ እስከ ወንዙ ያለውን ሰፊ መሬት ለካ። ደብተራዎቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እውነቱን ለመናገር ማኅሌት ከቆሙ ዓመታት ያለፋቸው፣ የመሬቱን ድንበር ግን በጨለማም የማይስቱ ነበሩባቸው። አጎቴ ከሁለቱ ቄሶች አንዱ ሆነው ቀሩ፤ ሁለተኛው ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። እኔም ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ሆንኩ። አጎቴ ዝም ቢሉ ከእንጀራቸው አንዲት ቁራሽ አትጎድልም ነበር። ዝም አላሉም፤ ይህንን ለማንም እመሰክርላቸዋለሁ።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ቅዳሴ እንደወጣ። ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ፊት ተሰብስቧል። አጎቴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ፤ እኔ ከጎናቸው ጥላ ይዤ ነበር። «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ይህን የታቦት መሬት ያረሰ፣ የዘራ፣ ያጨደ የተገዘተ ይሁን!» አሉ። ሴቶቹ አማተቡ። ወጣት ነበርኩ፤ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ አስብ ነበር። ሹሙ እኮ እርፍ ጨብጦ አያውቅም አልኩ በልቤ፤ ሌላውን ያሳርሳል፣ እሱ ተቀምጦ ይበላል፤ ግዝቱ ደግሞ ድሃውን ይዞ እሱን ሊለቀው ነው። ወደ አጎቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ «የቀመሰስ?» አልኳቸው።

ዘወር ብለው አዩኝ። ደስ አላቸው፤ ተማሪው ያልጠበቀውን ጥያቄ እንደመለሰለት መምህር። ከዚያ መስቀላቸውን እንደገና አነሱና «የቀመሰም!» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔም ልቤ በኩራት ተነፋ።

ግዝት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። የተገዘተ አይቆርብም፣ ከማኅበር አይቀመጥም፣ ሲሞት ፍትሐት አይደረስለትም፣ ከቅጥር ውጭ ይቀበራል። ያሰረው ቄስ ራሱ ካልፈታው፣ ወይ ከእሱ በላይ ያለው ጳጳስ ካልፈታው፣ ሌላ ማንም አይፈታውም። ጳጳሱ ደግሞ በዚያ ዘመን አምባ ላይ ታስረው ነበር። የገዘተው ሰው አገር ጥሎ ቢሄድ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ፣ ጠያቂው፣ ያን ቀን ሌላ ጥያቄ ይዤ ነበር።

ሹሙ ነገሩን ሲሰማ አጎቴን እንዲያስሩ ሰው ላከ። ያኔ ከእብናት በኩል፣ ቆላው አፋፍ ላይ፣ ሹመቱን ተነጥቆ የሸፈተ አንድ ባላባት ነበር። ይህ ሰው ለታቦት መሬት ይህን ያህል የሚቆረቆር መሆኑን እስከዚያ ቀን ሰምተን አናውቅም። ለአጎቴ የተጫነች በቅሎ ላከላቸው፤ «የታቦቱን መሬት በጦሬ አስመልሳለሁ፤ አንቱ ቃልዎን ይዘው ይምጡልኝ» የሚል መልእክት ጨምሮ።

አጎቴ ሊሰናበቱ ሲመጡ እናቴ ደጃፏ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች።

«መሄዱንስ ሂድ» አለቻቸው፤ «ግዝቱን ግን ፈተህ ሂድ።»

«መሬቱ ሲመለስ እፈታዋለሁ፣ እትዬ።»

«ሳይመለስ ብትቀርስ? ያሰርከውን ማን ይፈታዋል?»

«የምን መቅረት ነው! ክረምቱን ብቻ ነው።»

«አንተ ነፍስ ነው ያሰርከው፣ በሬ አይደለም» አለች እናቴ። አጎቴ ግንባሯን ስመው በቅሎዋ ላይ ወጡ። በበቅሎ ሲሄዱ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያምርባቸው ነበር።

ሹሙ መሬቱን ከማሳረስ አልተመለሰም። ወታደሮቹንና ከሩቅ ያመጣቸውን መሬት የለሽ ገበሬዎች አሰማራበት። ታቦቱ አንድ ነገር ያደርጋል ብለን ስንጠብቅ፣ ገብሱ በዕድሜያችን አይተነው የማናውቀው ዓይነት ሆኖ በቀለ። የእኛን ማሳ ግን በዚያው ክረምት በረዶ መታው። በዚህ ላይ ሁለት ወታደሮች እናቴ ቤት እንዲቀመጡ ተመደቡባት። ምስኪን ሴት፣ ጎታዋን አራቁተው እስኪጨርሱ ተቀመጡ፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ።

ኅዳር ላይ የሹሙ ሰዎች አጭደው ሲጨርሱ የመንደሩ ሴቶች ለቃርሚያ ወረዱ። ከነዶ የረገፈውን ዛላ መልቀም ለድሃ የተፈቀደ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ማንም አይከለክለውም። ወንዶቹም ቢሆኑ ከሹሙ አውድማ በቀጥታ በስልቻ እየጫኑ ያመጡ ነበር። «እህል አንዴ ከተደባለቀ ማን ያውቀዋል?» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት በመንደራችን የዚያን ገብስ ያልበላ ቤት ቢፈለግ አይገኝም ነበር ማለት ይቻላል። እሑድ እሑድ ግን ሁሉም ነጭ ለብሶ ቅዳሴ ይቆማል።

እናቴም ቃረመች። እኔ አላወቅኩም። ለእኔ ከበረዶ የተረፈችውን ትንሽ ጤፍ ለብቻ አስቀምጣልኝ ኖሯል፤ እኔ ስመጣ ከእሷ ትጋግርልኛለች። «አንቺስ?» ስላት «እኔ በልቻለሁ» ትላለች። የምትበላው የቃረመችውን ገብስ ቆልታ ነበር። ልጇ ዲያቆን ነው፤ ግዝት ያለበትን እህል አታቀምሰውም።

ይህን ያወቅኩት በፋሲካ ነው። ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲዘጋጅ እናቴ ዘንድሮ አልቀርብም አለች። ለካ በጾሙ መሃል ራሷ ሽማግሌው ቄስ ዘንድ ሄዳ ተናግራለች፤ ሳይጠይቋት፣ ማንም ሳይከሳት። ሽማግሌው ቄስ አዝነው «እኔ ያላሰርኩትን መፍታት አልችልም፣ ልጄ» ብለው ሰደዷት። ከፋሲካው እሑድ ጀምሮ ቅጥሩ ውስጥ አልገባችም። ከውጭ፣ ካቡን ተደግፋ፣ ቅዳሴውን ከዚያ ትሰማለች።

እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፤ በሹሙ ሳይሆን በእሷ።

«ለምን ተናገርሽ? ሁሉም በልቷል! ማን ተናገረ ካንቺ በቀር?»

«እነሱ ምን እንደበሉ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የበላሁትን አውቃለሁ» አለችኝ።

ወሬው ሲሰማ መንደሩ ራቃት። እሳት ልትጭር ጎረቤት ስትሄድ «አላዳፈንኩም፣ ጠፍቶብኛል» ይሏታል፤ ከጣሪያቸው ጭስ እየወጣ። ከሁሉም ይበልጥ የሸሸቻት ጎን ለጎን ሆና ስትቃርም የነበረችው ሴት ናት። ያቺን ሴት እስካሁን አልወዳትም፤ ከሞተች ግን ቆይታለች፣ ፍትሐቷም በሥርዓቱ ተደርሶላታል፤ ጥናውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በሐምሌ እናቴ ወደቀች። ሆዷ አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ ከመደብ መነሳት አቃታት። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠበል አልጠየቀችም፣ መድኃኒት አልጠየቀችም። «ወንድሜ እግዚአብሔር ይፍታሽ ይበለኝ። እንደ ውሻ ከቅጥር ውጭ አልጣል» አለች። ዝናቡ ሳያባራ ወደ እብናት ወረድኩ። ወንዞቹ ሞልተው ስለነበር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የባላባቱ ሰፈር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። አጎቴ በቀኙ ተቀምጠዋል፤ አዲስ ኩታ ለብሰዋል፣ ፊታቸው ሞላ ብሏል። ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ። የእናቴን ነገር ስነግራቸው ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«እትዬ? እትዬ ራሷ?»

«ተርባ ነው። ቃርማ ነው። የሚፈቷት አንቱ ብቻ ነዎት።»

እንባቸውን ጠርገው ሊነሱ ሲሉ ባላባቱ ከተቀመጠበት ተናገረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«መምሬ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ግን የእኔ ጦር ትንሽ መሆኑን ያውቃሉ። ሹሙ እንቅልፍ ያጣው በእኔ ጦር አይደለም፤ በአንቱ ግዝት ነው። ዛሬ ለእህታቸው ፈቱ ከተባለ፣ ነገ መንደሩ ሁሉ በሬውን ጠምዶ ለሹሙ ይወጣል። ያኔ የታቦቱ መሬት አበቃለት። እርስዎ ያውቃሉ።»

አጎቴ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ አቀረቀሩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ከራሴ በላይ ሩቅ ያዩ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ።

«ለማላውቀው ድሃ ያልፈታሁትን ለእህቴ ልፍታ? ሰው ምን ይለኛል? ለዘመዱ አደላ አይለኝም?»

«ለማያውቁትም ይፍቱለት እንጂ! ማን ከለከለዎት?»

«መሬቱ ይመለስ። መስቀል ሳይደርስ ይመለሳል። እስከዚያ ትጽና በላት።»

«እስከ መስቀል አትደርስም!»

«ዝም በል፣ አንተ! የእግዚአብሔርን ቀን አንተ ታውቃለህ?»

ያን ጊዜ የሆዴን አውጥቼ ጣልኩት። «የቀመሰም ያሰኘሁዎት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሉት ያረሰ፣ የዘራ፣ ያጨደ ነበር። የእኔን ቃል እንኳ ይመልሱልኝ» አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አጎቴ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ከአፌ ከወጣ የእኔ ቃል ነው» አሉ። ከዚያ የለበሱትን አዲሱን ኩታ አወለቁና «ይህን አልብስልኝ፤ ብርድ አይንካት» ብለው ሰጡኝ። ፍቱልኝ ብዬ ሄጄ ኩታ ተሸክሜ ተመለስኩ።

እቤት ስደርስ ፍልሰታ ገብቷል። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ በሩን ከፍቼ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ኩታውን አየችው። የማን እንደሆነ ሳልነግራት በእጇ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው።

«ፈታኝ?»

መንገድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምላት ሳሰላስል መጥቻለሁ። አፌ ግን አላሰላሰለም። «አዎ፣ ፈቱሽ» አልኳት።

«ምን አለ? ቃሉን ንገረኝ።»

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ያረሰ፣ የዘራ፣ ያጨደ፣ የቀመሰም ቢሆን፣ እህቴን እግዚአብሔር ይፍታት አሉ።»

ፈገግ አለች። «የቀመሰም» አለች። «እሷን ቃልማ አንተ ነህ ያመጣሃት። ከሴቶቹ ፊት ቆሜ ነበር፤ ከንፈርህን አየሁት። ደስ ብሎህ ነበር።»

ኩታውን አለበስኳት። እጄን ይዛ ትንሽ አንቀላፋች። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

ሽማግሌው ቄስ በልጅ እየተመሩ መጡ። ኩታው የአጎቴ መሆኑን ሲነግሯቸው ዳሰሱት፤ ፊታቸው በራ።

«ፈቷታል ማለት ነው?» አሉኝ። «እንግዲያው በታቦቱ ምለህ አዎ በለኝ፤ እኔ ፍትሐቱን እደርሳለሁ፣ ቅጥር ውስጥ እናስገባታለን።»

ሊረዱኝ ፈልገው ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በር የከፈቱልኝ ይመስለኛል። አንዲት አዎ ብቻ ነበር የምትፈለገው። ለእናቴ የዋሸሁትን ለታቦቱ መዋሸት ፈራሁ። ክህነቴን ፈራሁ፣ ነፍሴን ፈራሁ፣ መቅሰፍት ፈራሁ። በእሷ ነፍስና በእኔ ነፍስ መሃል የራሴን መረጥኩ፤ ይህን ሃይማኖት ብዬ ለመጥራት ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬ አልሆነልኝም። «አልፈቷትም» አልኳቸው።

ከቅጥሩ ውጭ፣ ከሹሙ ገብስ ዳር ቀበርናት። ገብሱ ለምልሞ ወገብ ይደርስ ነበር። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ የቀረው መንደር ፍልሰታን ሊቆርብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ከካቡ ማዶ ዜማው ሲሰማ እኔ ዳዊቴን በለሆሳስ ደገምኩላት። መቃብሯ እንዳይጠፋ ከወንዙ ድንጋይ እያመላለስኩ ከመርኩበት።

መስቀል አለፈ፤ ሳምንትም አልቆየ፣ ወሬ መጣ። ባላባቱ ታርቋል! አጎቴ በመሃል ገብተው አስታርቀውታል። ባላባቱ ደብረ ታቦር ድረስ ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ ማረኝ አለ፤ ተማረ፤ ሹመቱም ተመለሰለት። የቀድሞው ሹም ተነስቶ በእኛ አገር ላይ የተሾመው እሱ ሆነ። ከቅጥሩ በታች እስከ ወንዙ ያለው መሬት ለመተዳደሪያው ተሰጠው።

አጎቴ በበቅሎዋ ተመለሱ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው፤ እሳት የከለከሉ ሴቶች ከሁሉ በላይ እልል አሉ። እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እዚያው ደጀ ሰላሙ ፊት ቆሙ። «መሬቱ ተመልሷል» አሉ። ለማን እንደተመለሰ አልተናገሩም፤ የጠየቀም የለም። ከዚያ መስቀላቸውን አንስተው «ያረሰ፣ የዘራ፣ ያጨደ፣ የቀመሰም እግዚአብሔር ይፍታው!» አሉ። በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የጾም መግቢያ ሲያውጁ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይቆያሉ። ሕዝቡ «አሜን» ብሎ ወደየቤቱ ሄደ።

ያን ዕለት ቀትር ላይ አጎቴ ብቻቸውን መጡና «የት ነው ያለችው?» አሉኝ። ወሰድኳቸው። ድንጋዩን አቅፈው «እትዬ! እትዬ!» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ፍትሐቱን ራሳቸው ደረሱላት፤ መጽሐፉን ያዝኩላቸው፤ ለእሷ ብዬ ነው።

«ወደ ቅጥሩ ውስጥ እናግባት» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«ቆይ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ሰው የቆየ ነገር ቀሰቀሱ ይለናል። ነፍሷ ተፈትታለች፤ ቦታ አይከለክላትም።»

«መሬቱ ለማን ነው የተመለሰው፣ አባቴ?»

ፊታቸው ቀላ። «ደም ሳይፈስ ታረቁ! ይህ ያንስሃል? ስንት ሰው ሊያልቅ ነበር!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስንት እናት ልጇ ተርፎላታል። ይህን የማውቀውን ያህል ምሬቴ ባይቀልልኝ ምን ላድርግ?

ቀጥሎ በመጣው ክረምት የባላባቱ አራሾች ማሳውን እስከ ካቡ ድረስ ገፉት። ድንጋዩ ማረሻ ይሰብራል ብለው ለቃቅመው ወንዝ ጣሉት። እኔ ለጽሕፈት ሥራ ሌላ ደብር ሄጄ ነበር፤ ስመለስ የት እንደሆነች በዓይኔ ለክቼ ማግኘት አልቻልኩም። ገብሱ በሁሉም ላይ እኩል በቅሏል።

በኅዳር ባላባቱ የአዲሱን እህል ግብር አበላ። ካህናቱ ሁሉ ተጠራን። አጎቴ የገብሱን ዳቦ ባርከው፣ ቆርሰው፣ ከሽማግሌው ቄስ ጀምሮ ለሁሉም በእጃቸው አደሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ሳቅ ብለው ዘረጉልኝ።

«ቅመስ።»

«የተገዘትኩ ነኝ» አልኳቸው።

ጨዋታው ቆመ። «ፈትቼዋለሁ እኮ! ያን ሁሉ ሕዝብ አስመስክሬ ፈትቼዋለሁ!»

«አንቱ የአንቱን ፈቱ። የቀመሰም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አልፈታሁትም።»

ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። ያን ጊዜ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ሰጡት። ስለ እናቴ ተነጋግረን አናውቅም እስኪሞቱ ድረስ።

አሁንም ሰው ቤት ገብቼ ጠላ ወይም ቆሎ ሲቀርብልኝ፣ ገብሱ ከየት ማሳ እንደመጣ ሳልጠይቅ አልቀምስም። ከዚያ መሬት ከሆነ ዕቃውን መልሼ እነሳለሁ። የቤቱ ሰዎች አይቀየሙኝም። በኩራት ለእንግዶቻቸው ሲያስተዋውቁኝ እሰማለሁ፦ «የመምሬ የእህት ልጅ ናቸው፤ ለታቦት መሬት እንደ አጎታቸው ናቸው!»